«አባትየውን ግደዪው» ላሉኝ ክቡር የሰርቨር ኃላፊ

ለክቡር የሆስፒታላችን የመረጃ ሥርዓት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የጻፉልኝን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በታላቅ ደስታ ስለመቀበሌ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ባለፈው ቅዳሜ ሚዜ የሆኑለት የወንድምዎ ልጅና አዲሷ ሙሽራ እንደምን ሰንብታችኋል? ጤናችሁ የተሟላ፣ ቤታችሁ የሞላ፣ ስልካችሁም ኔትወርክ የማያጣ ይሆን ዘንድ የፋርማሲ ክፍሉ ባልደረቦች በሙሉ ይመኙላችኋል። እኛ ደህና ነን። የቀዶ ሕክምናው በሽተኛም ደህና ነው፤ ስለ እሱ እስካሁን ስላልጠየቁ፣ ጭንቀቱን በሆድዎ ይዘውት ይሆናል ብዬ ነው አስቀድሜ የምነግርዎ።

«ያለ ሥልጣን ወደ ሰርቨር ክፍል በመግባት፣ በዋናው መለያ በመጠቀምና ትእዛዝ በመጻፍ» ጥፋት መፈጸሜን የሚገልጸው፣ ሁለት ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሁለተኛው ማኅተም የመጀመሪያው ብቻውን እንዳይከፋው የተደረገ መሆኑን በመገመት ስለ ርኅራኄዎ አመሰግናለሁ። መልሴን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ክብርዎን ለመንካት ሳይሆን፣ ቢሮዎ የሚከፈተው በካርድ፣ ካርዱም ያለው በእርስዎ ኪስ ብቻ ስለሆነ ነው። ደግሞም የቅዳሜውን ነገር በሻይ ሰዓት እየጨመሩበት የሚያወሩት ባልደረቦች ከጥፋተኛዋ ከራሷ አፍ ቢሰሙት ይሻላል። ስለዚህ ምስጋናዬንና አቤቱታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ብቸኝነትዎ

እንደሚያውቁት ይህ ሆስፒታል የመድኃኒት ትእዛዙን፣ የላብራቶሪ ውጤቱንና የበሽተኛውን ታሪክ በሙሉ ያሸከመው አንድ ሰርቨርን ነው። ሰርቨሩ ከአንድ የውጭ አገር አምራች በውል የተገዛ፣ ዩኒክስ በሚባል ሥርዓት የሚሠራ ቁጥብ ዕቃ ነው፤ ሥዕልና ቀለም አይወድም፣ በጥቁር ስክሪን ላይ በፊደል የተጻፈለትን ትእዛዝ ብቻ ይሰማል፣ ከተሳሳቱም አይመክርም። ትእዛዙን የሚያውቀው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። አምራቹ ለሁለት ሰው የሥልጠና ቦታ በላከ ጊዜ የላብራቶሪ ኃላፊዋና እኔ በየፊናችን አመልክተን ነበር፤ እርስዎ ግን «ጥቁሩ ስክሪን የመድኃኒት ቤት ሰው የሚነካካው ነገር አይደለም፤ አንዷ ነክታው ሆስፒታሉ ቢጠፋ ማን ሊጠየቅ ነው?» ብለው ሁለተኛውን ወንበር ባዶውን ይዘውት ሄዱ። ወንበሩ ከሥልጠናው ምን ይዞ እንደተመለሰ እስካሁን አልነገሩንም።

፪. ስለ ቅዳሜ ጠዋት

ቅዳሜ ጠዋት የመድኃኒት መስኮቶቻችን ገና ተከፍተው ወረፋው ሲረዝም ስክሪኖቹ ባሉበት ደረቁ። ማተሚያው ዝም አለ። ላብራቶሪው «ውጤት አልገባልንም» ብሎ ደወለ፣ ካርድ ክፍሉ «እኛም አናይም» አለ። እስከዚህ ድረስ የለመድነው ነው፤ ልማዳችን ለእርስዎ ደውለን፣ እርስዎ ሦስት ፊደል ጽፈው፣ «ምን ነክታችሁ ነው?» ብለው ተቆጥተውን ወደ ሥራችን መመለስ ነው።

ያን ዕለት ግን በቀዶ ሕክምና ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ተኝቶ ነበር። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ፣ በትኩሳት እየቃዠ «በበሩ በኩል ውረዱ፣ አትጋፉ» እያለ ነው ያመጡት። ከዚህ በፊት እኛው ዘንድ ታክሞ ስለነበር የማይስማማው መድኃኒት እንዳለ በፋይሉ ላይ ተመዝግቧል፤ ፋይሉ ግን ሰርቨሩ ውስጥ ነው። ኮሪደሩ ላይ የቆመችው ሚስቱ «አዎ፣ አንድ መርፌ ወግተውት አንገቱ አብጦ ሊሞትብኝ ነበር» አለች። የትኛው መርፌ እንደሆነ ስትጠየቅ «ነጭ ነው» አለች፤ ክፍላችን ውስጥ ነጭ ያልሆነ መርፌ መድኃኒት ማግኘት ከባድ ነው። ቀዶ ሐኪሙ መድኃኒቱን በሲሪንጅ አስቀድቶ በእጁ ይዞ ቆሞ ነበር። «ሌላ ስጠው አትበሉኝ፣ የማይስማማው ያ ሌላው ቢሆንስ? ትንሽ እጠብቃለሁ፣ ብዙ ግን መጠበቅ አልችልም» አለን።

ደወልንልዎ። አላነሱም። ደጋግመን ደወልን። ተስፋ ስንቆርጥ የአምራቹን የድጋፍ መስመር ጠየቅን፤ አንድ በጣም ትሑት ድምፅ «ይቅርታ እመቤቴ፣ በውሉ ላይ የተመዘገበው ሰው ካልደወለ ልናግዝዎ አንችልም» አለን። የተመዘገበው ሰው ማን እንደሆነ ስንጠይቅ የእርስዎን ስም ከነማዕረግዎ አነበበልን። ስምዎ በውጭ አገር ሳይቀር መከበሩን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ እንኳን ደስ ያለዎ።

፫. ስለ ሩት

በመጨረሻ ስልኩን ሲያነሱ ሙሽሮቹ ፎቶ እየተነሱ እንደነበር ከኋላ ይሰማ ነበር። ጉዳዩን ስነግርዎ መደንገጥዎን አልክድም፤ ሰው ነዎት። የሰርቨሩ ክፍል ከመድኃኒት ማከማቻዬ ጋር አንድ ማቀዝቀዣ ስለሚጋራ ቁልፉ እኔ ዘንድ እንዳለ አስታወሱና «ግቢ» አሉኝ፤ ይህን ቃል ከደብዳቤዎ ጋር አብረው ቢያስቡት ደስ ይለኛል። የላብራቶሪ ኃላፊዋን አስከትዬ ገባሁ። ሁለት እጄ ለመጻፍ ነጻ እንዲሆን ስልኩን በድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ከጎኔ አስቀመጥኩት።

«በሩት ግቢ» አሉ።

የላብራቶሪ ኃላፊዋ «ሩት ማናት? ዛሬ ተራዋ ነው? እናስጠራት?» አለች። እኔም ካርድ ክፍል ያለችው ሩት መስላኝ ልልክባት ነበር። እርስዎ ከወዲያ «ሰው አይደለችም! የዋናው መለያ ስም ነው! እንግሊዝኛ ነው፣ «ሥር» ማለት ነው!» ብለው ጮኹ። ለዓመታት በአንድ ሆስፒታል ስንሠራ ሰርቨሩን በበላይነት የምትገዛ አንዲት ሩት መኖሯን አንድ ቀን እንኳ ባለማንሳትዎ የቤተሰብ ምስጢር የመጠበቅ ችሎታዎን አደንቃለሁ። የይለፍ ቃሉን ደግሞ ፊደል በፊደል በማጉያው ስለነገሩኝ፣ ወረፋ ላይ የነበሩት በሽተኞች በሙሉ በአንድ አፍ «አንደኛ ነኝ» ብለው አንብበውታል። ማንም አልተከራከረዎትም።

፬. ስለ ባዶ ቦታና ስለ ፈገግታ

የዲስኩን ይዞታ የሚያሳየውን ትእዛዝ ነገሩኝ፤ ጻፍኩ፤ ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቷል። ማን እንደሞላው የሚያሳየውን ነገሩኝ፤ ጻፍኩ። የማተሚያው ፕሮግራም የሚያደርገውን ሁሉ ሲመዘግብበት የኖረ አንድ የምዝግብ ፋይል ቤቱን ለብቻው ይዞታል። ያኔ «ውይ! እኔ ነኝ ሐሙስ ዕለት ለፍተሻ ብዬ የከፈትኩት፣ መዝጋቱን ረስቼ ወጣሁ» አሉ። ይህችን ቃል በማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎ ውስጥ ላገኛት ፈልጌ አጣኋት፤ ምናልባት ቦታ ጠቧት ይሆናል።

ከዚያ የመሰረዣውን ትእዛዝ ያስጽፉኝ ጀመር። «አር ኤም፣ ባዶ ቦታ፣ ሰረዝ፣ አር ኤፍ፣ ባዶ ቦታ፣ ስላሽ…» አሉና ድምፅዎ ራቀ። ሐኪሙ ሁለት ጊዜ ሰው ልኮብናል። «ጻፍኩ፣ ልጫን?» አልኩ። «አዎ፣ አዎ!» አሉ። ጣቴ ቁልፉ ላይ አረፈ።

የላብራቶሪ ኃላፊዋ እጄን ያዘችኝ። «እስኪ መጀመሪያ አንብቢለት» አለች።

አነበብኩ። ከእርስዎ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ «እንዳትነኪው! በእናትሽ እንዳትነኪው! ገና አልጨረስኩም!» አሉ። ለካ «አዎ» ያሉት «ፈገግ ልትሉ ነው?» ላለው ፎቶ አንሺ ነው። ያ ጅምር ትእዛዝ ቢጫን ኖሮ ከፋይሉ ጋር ሰርቨሩን፣ ከሰርቨሩ ጋር የሆስፒታሉን በሽተኞች ታሪክ በሙሉ ጠራርጎ እንደሚወስድ ያስረዱኝ ጣቴን ከቁልፉ ላይ ካነሳሁ በኋላ ነው። በዚያች ቅጽበት «አንተ» ብዬ ጠርቼዎታለሁ፤ ሌላም ሁለት ቃል ጨምሬያለሁ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን በዚህ ቢጽፉት ኖሮ ፈርሜ እቀበለው ነበር።

፭. ስለ አባትየው

ትእዛዙን አስተካክለን ፋይሉን ሰረዝነው፤ ዲስኩ ግን እንደሞላ ቀረ። የተሰረዘውን ፋይል የማተሚያው ፕሮግራም እንደያዘው ስለሆነ ፕሮግራሙ ራሱ መቆም አለበት አሉን። እሺ አልን። ቀጥሎ የተናገሩትን ያለ አንዳች ጭማሪ እጠቅሳለሁ፦

«አሁን አባትየውን ፈልጊው። አገኘሽው? ግደዪው። ልጆቹን አትንኪያቸው፣ አባትየው ከሞተ እነሱ ራሳቸው ያልቃሉ።»

«እምቢ ካለስ?» አለች የላብራቶሪ ኃላፊዋ።

«እምቢ ካለ ዘጠኝ ቁጥርን ጨምሩበት። ዘጠኝን የሚቋቋም የለም።»

በሙያችሁ ቋንቋ አባት ማለት ሌሎች ፕሮግራሞችን ያስነሳ ፕሮግራም፣ መግደል ማለት ማስቆም፣ ዘጠኝ ደግሞ እምቢ ያለውን በግድ የሚያስቆም ቁጥር መሆኑን ዛሬ አውቃለሁ። የክፍሉ በር ወደ መስኮቱ ክፍት መሆኑንና፣ መስኮቱ ፊት አንድ አባወራ ሁለት ልጆቹን ግራና ቀኝ ይዞ የሳል መድኃኒት ሲጠብቅ እንደነበር ግን ያኔ አላሰብንም። «እህቴ፣ ሳሉ ተሽሎታል» ብሎ ልጆቹን አቅፎ ሲወጣ ነው ያየሁት። ወዲያው የበሩ ዘበኛ ዱላውን ይዞ «ሰው ሊገደል ነው አሉኝ» እያለ ገባ። ዘበኛው ቆሞ እያየን፣ ዘጠኝ ቁጥርን ጨምረን አባትየውን ገደልነው። ልጆቹም እንዳሉት አለቁ። ዲስኩ ተነፈሰ። የመዝገብ ሥርዓቱን መልሶ የሚያስነሳውን ትእዛዝ አስጻፉኝ፤ ስክሪኖቹ አንድ በአንድ በሩ።

የሹፌሩን ፋይል ከፈትኩት። የማይስማማው መድኃኒት ተብሎ በቀይ የተጻፈው ሐኪሙ በእጁ ይዞት የቆመው ነበር።

ኮሪደሩን እንዴት እንደሮጥኩት አላስታውስም። ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፣ ሲሪንጁን ቀስ አድርጎ ሳህኑ ላይ አስቀመጠና «ሌላውን አምጡ» ብቻ አለ። ሚስትየው ፊቴን አይታ «ምን ሆነ?» አለችኝ። «ነጩን አውቀነዋል» አልኳት። ቁጭ ብዬ ያለቀስኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ የላብራቶሪ ኃላፊዋም አጠገቤ ቁጭ ብላ «ሩት ትምጣና ታጽናናን» እያለች ሳቅና ልቅሶዬን አደባለቀችብኝ።

፮. ስለ መምጣትዎ

ከሰዓት በኋላ በሙሉ ልብስ፣ ደረትዎ ላይ አበባ እንደተሰካ መምጣትዎን ባየን ጊዜ፣ ሠርግ ጥሎ መምጣት ቀላል እንዳልሆነ ተነጋግረን ሻይ ልናስመጣልዎ ነበር። እርስዎ ግን በቀጥታ ወደ ሰርቨሩ ክፍል ገብተው፣ ስክሪኑን አይተው፣ ወጥተው «ወንበሬን ማን ነው ዝቅ ያደረገው?» አሉ። ሰኞ ጠዋት ደብዳቤው ደረሰኝ።

ክቡርነትዎ፣ ቀልዱን ለአንድ አንቀጽ ያህል ልተወው። እውቀትዎን አልጠራጠርም፤ በዚያ ግርግር መሃል ሁሉንም ትእዛዝ በቃልዎ ያውቁት ነበር። እውቀቱን ሚዜ አድርገው ይዘውት ሄደው ነበር እንጂ። እርስዎ ስልኩን ባያነሱ፣ ወይም መኪናዎ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢደርስባት፣ ያ ሰው ዛሬ በሕይወት አይኖርም ነበር። የምንለምንዎ ሥልጣንዎን እንዲያካፍሉን አይደለም። ዲስክ ሲሞላ ማየት፣ የደረቀ ፕሮግራም ማቆም፣ ሥርዓቱን መልሶ ማስነሳት የሚችል ሌላ ሁለት ሰው በዚህ ግቢ ውስጥ ይኑር ነው የምንለው። ማስጠንቀቂያውን በተመለከተ፣ ሹፌሩ አልጋ ላይ ሆኖ ሾርባ ሲጠጣ ስላየሁት፣ ጥፋቴን እንደገና ለመፈጸም ዝግጁ መሆኔን በትሕትና አሳውቃለሁ።

በማይቀንስ አክብሮትና በማይጨምር ትዕግሥት፣ ከወንበርዎ ዝቅታ ጋር ኃላፊነቱን ሙሉ በሙሉ በመውሰድ፣

የፋርማሲ ክፍል ኃላፊ

ግልባጭ፦
ለዋና ሥራ አስኪያጅ፣ እንዲያውቁት
ለላብራቶሪ ክፍል ኃላፊ፣ እጄን ስለያዘችኝ
ለበሩ ዘበኛ፣ ማንም እንዳልሞተ እንዲረዳልን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ልለጥፍ ስል ዋና ሥራ አስኪያጁ አስጠርተውኝ ነበር። በእሳቸው ትእዛዝ፣ የአምራቹ ባለሙያ በስልክ እየመራን፣ የላብራቶሪ ኃላፊዋና እኔ ለየራሳችን የአስተዳዳሪ መለያ ከፍተናል፤ ወረፋው ሁሉ የሚያውቀውን የሩትን የይለፍ ቃልም ቀይረናል፤ የቅዳሜው ጉዳይ ተጣርቶ እስኪያልቅ ድረስም ለእርስዎ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ አንድ አነስተኛ መለያ ከፍተንልዎታል። ወረፋ ላይ ያለውን ኅትመት ማየት ይችላሉ። መሰረዝ ግን አይችሉም።