ያልተረጨው ጥግ

ዓርብ፣ ነሐሴ 22

ዛሬም ከላሟ በቀር ያነጋገርኩት ፍጥረት የለም። እሷም ጀርባዋን ሰጥታ ነው የሰማችኝ።

ልጄ የትምወርቅ ወደ ባሕር ዳር ስትመለስ ይህን ደብተር ትታልኝ፣ «እማ፣ ብቻሽን ከምታወሪ ጻፊበት» አለችኝ። ስምንተኛ ክፍል ድረስ የተማርኩት ለዚህ ኖሯል! ኔትወርኩ ከጠፋ ሰንብቷል። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። እንግዲህ ልጻፍ።

ጤፌን አረሙ፣ መጭና ሙጃው፣ ሊውጠው ነው። ከጧት ጀምሬ ጎንበስ ብዬ ሳርም ዋልኩና ቀና ብል፣ ያጸዳሁት ዶሮ የጫረችው ያህል ነው። ወገቤ ለሁለት ሊከፈል ምንም አልቀረው። አምና በዚህ ሰሞን ስምንት ሴት ተሰልፈን ነበር የምናርመው። አንድ ቀን የእኔን፣ አንድ ቀን የእናትነሽን፣ ሌላ ቀን የሌላዋን። ወንፈላችን እንዲህ ነበር። እናትነሽ ሁልጊዜ ከጎኔ ናት፤ ማሳችን ድንበርተኛ ነው፣ ወሬያችንም እንደዚያው።

ዘንድሮ የእናትነሽ ልጅ ምንይችል ከቡሬ የመርጫ ፓምፕ ገዝቶ መጣ። በጀርባው አዝሎ የአገሩን ማሳ አዳረሰው። እሱ መድኃኒት ይለዋል፣ እኔ መርዝ እለዋለሁ። የሆነው ሆኖ አረሙ ጠወለገ፣ ሴቶቹም ወንፈል አያስፈልጋቸውም። ከእናትነሽ ጋር አልተጣላንም። ጠብ ቢሆንማ ሽማግሌ ይገባ ነበር።

አንድ ነገር ግን ቆሽቴን አሳርሮታል። የእሷ ማሳ ሙልጭ ብሎ ሲጸዳ፣ በእኔ ድንበር በኩል ያለችው ጥግ ብቻ አልተረጨችም። መጩ ጉልበት አልፏል። ዘሩ የሚበተነው በማን ላይ ነው? በእኔ! ባለፈው ምንይችልን «ንፋስ እያለ አትርጭ፣ በርበሬዬን ታደርቅብኛለህ» ብዬ ጮኼበት ነበር። ምላሴን ፈርተው ነው የተዉት። በእኔና በእነሱ መሀል የአረም አጥር አጠሩብኝ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 23

ጊዮርጊስ። ሥራ የለም።

ቤተ ክርስቲያን ደጅ እናትነሽን አገኘኋት። «እንዴት ከረምሽ?» ተባባልን። እኛ! ማንኩሳ ገበያ እንደተገናኘ ሰው። ድሮ እኮ ገና ከሩቅ ስታየኝ ነበር ስድቡን የምትጀምረው።

«ጤፍሽ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ደህና ነው፣ እግዜር ይመስገን» አልኩ። በበዓል ቀን፣ ያውም ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ ዋሸሁ።

ሌላ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። ሴቶች መጡና ተወችው። እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ መንገዴን ጀመርኩ።

የዘንድሮ ጥሪ የእኔ ነው። አምና የጀመርነው ከእሷ ማሳ ስለሆነ፣ ዘንድሮ «ነይ» ማለት ያለብኝ እኔ ነኝ። ግን አረም የሌላትን ሴት ለአረም ነይ ማለት ልመና አይደል? ወንፈሉን በምን እመልሳለሁ? ባል ሞተባት፣ ልጅ ራቀባት፣ አሁን ደግሞ ለመነች እንድባል? ዝም አይነቅዝም።

እሑድ፣ ነሐሴ 24

ተክለ ሃይማኖት ከእሑድ ጋር ገጥሞ ሰዉ ሞልቶ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ የተነሳው ወሬ ስለ በቆሎ ነው። የግብርና ባለሙያዋ በስብሰባ ላይ አንድ አዲስ ዘር አንስታ ነበር፤ ዘረመሉን ለውጠውት ትል የማይበላው። መጥቷል የሚል አለ፣ ገና ነው የሚል አለ። ያየው ሰው የለም። ባላዩት ነገር እንዲያ መጨቃጨቅ!

ጋሽ አያሌው ናቸው የጀመሩት። «ትል እንቢ ያለውን እኔ ልበላው? ትል ከእኔ ይሻላል?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ምንይችል አልሳቀም። «ጋሽ አያሌው፣ ትሉ በቆሎዬን ሲበላ ከልጆቼ አፍ ነው የሚነጥቀው። ለሱ ብዬ ስረጭ ዓይኑ የሚያለቅሰው፣ ደረቱ የሚያፍነው እኔ ነኝ። ሳልረጨው የሚያድግ ዘር ከመጣ ቀድሜ የምዘራው እኔ ነኝ» አለ።

እኔ ምንይችል ፓምፑን የሚወደው ይመስለኝ ነበር።

«ከጎታዬ ያላወጣሁት ዘር አለቃዬ ነው» አሉ ጋሽ አያሌው። «በየዓመቱ ሱቅ ደጅ ልቁም?» አንዱ ከኋላ «አሁንስ ለምርጥ ዘር የት ነው የምንቆመው?» ቢላቸው ጠላቸውን አንስተው ተጎነጩ። እውነት ነዋ።

አንዲት አራስነቷን ገና የጨረሰች ልጅ ደግሞ ሕፃኗን እያጠባች እንዲህ አለች፦ «አረም ደስ ይላል የሚል ካለ መጥቶ ያርምልኝ። ልጅ አዝዬ ጎንበስ ብዬ ስውል ማን ወገቤን አሸልኝ? ያንን መድኃኒት የሠራውን እግዜር ይስጠው።» ስለ ማረም ደስታ ሁልጊዜ የማወራው እኔ ስለሆንኩ ነገሩ እኔን ነው የነካኝ። ደግሞም አልዋሸችም።

ቄሱን «አባ፣ ፍረዱን» አሏቸው። «ኧረ ተዉኝ! ወንጌል ስንዴውና እንክርዳዱ እስከ መከር አብረው ይደጉ ይላል ብላችሁ፣ ነገ አረም ልትተዉ ነው» አሉና አሳቁን።

«አንቺስ አትጠገብ?» አለኝ አንዱ።

«እኔ በርበሬዬ ካልተነካ ግድ የለኝም» አልኩ። እናትነሽ ከማዶ ትክ ብላ አየችኝ። ውሸቴን ታውቃለች፤ ምን እንደደበቅሁ ግን አታውቅም።

ሰኞ፣ ነሐሴ 25

ብቻዬን አረምኩ። ከቀትር በኋላ ዝናቡ አባረረኝ። ልብሴ ሳይደርቅ ነው የምጽፈው።

እውነቱን እዚህ ልጻፈው፣ ደብተር አያማኝም። የምፈራው መርዙን ብቻ አይደለም። ማዳበሪያ እበትናለሁ፣ የበቆሎ ዘርም እገዛለሁ፤ ምኑን ጻድቅ ሆንኩት? የምፈራው ሌላ ነው። ይህ ማሳ አንዴ ከተረጨ በደጄ የሚያልፍ ሰው አይኖርም። ባሌ ከሞተ ወዲህ ሰው የሚያመጣልኝ አረሙ ነበር። ነሐሴና መስከረም ቤቴ ሰው ሰው ይሸታል፤ ሌላው ጊዜ እኔና ላሟ ነን። የጎዳኝ የሰው ናፍቆት ነው እንጂ ጤፉስ ለአንድ አፍ ምን ያህል ነው?

እንዲህ ብዬ ለማን እነግራለሁ? ምንይችልን «ሰው እንዳይቀርብኝ አትርጭ» ልበለው? አበደች ይለኛል።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 26

ምንይችል ራሱ መጣ። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «እትዬ አትጠገብ፣ እንዴት ዋሉ?» አለ። ጤፉን አየው፣ እኔንም አየኝ።

«ይህን ለብቻዎ አይዘልቁትም። ዓመቱን ምን ሊበሉ ነው? ሐሙስ ጧት ንፋስ ሳይነሳ ልርጭልዎ። በርበሬውን በላስቲክ ይሸፍኑት፣ እኔም እጠነቀቃለሁ።»

ጓንት የለውም። እጁ ስንጥቅጥቅ ብሏል። ያን ያህል ሰድቤው መጥቶ እንዲህ ሲለኝ አንጀቴን በላው። ደግሞ ልክ ነው፣ ጤፉ እየሞተ ነው።

«እሺ» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰውነቴ ቀለለኝም፣ ከበደኝም።

ሊሄድ ሲል አላስችል አለኝና፣ «ያቺን የእናንተን ጥግ ግን ለምን ተውካት?» አልኩት።

አንገቱን ደፋ፣ ፈገግ አለ። «እሱን እንኳ እናቴን ይጠይቋት።»

ይኸው! እናትየዋ ናት ያስተወችው። ሠላሳ ዓመት አብሬያት አርሜ፣ ከእኔ የሚለያት አረም አስበቀለች።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 27

መድኃኔዓለም። ጾምም ነው። ባይሆንም እህል አይወርድልኝም ነበር።

ማሳው ዳር ቆሜ ዋልኩ። ነገ የሚሞት አረም ሳይ ሆድ ባሰኝ። ለአረም ማዘን! ጠላቴ ይዘን።

ከሰዓት ኔትወርክ ብልጭ አለና የትምወርቅ ደወለች። «እማ፣ ሲረጭ ራቅ በይ፣ አፍሽን ሸፍኚ። ልብስሽንም ለብቻ እጠቢው» አለችኝ። እሺ፣ እሺ። «ደግሞ ባዶ ዕቃውን ለውኃ እንዳታደርጊው።» እሺ አልኩ። «እናትነሽ ደህና ናት?» አለችኝ። መልሱን ሳስብ መስመሩ ተቋረጠ። ደግ አደረገ።

በርበሬውን ሸፈንኩ። ላስቲኩ አልበቃ ስላለ ዳር ዳሩ ክፍት ነው። እንግዲህ የእግዜር ፈቃድ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 28

እጄ በአረም አረንጓዴ ሆኗል፣ ወረቀቱን እያበላሸሁት ነው። ይበላሽ።

ጧት ጉሙ ሳይገለጥ ማሳው ዳር ቁጭ ብዬ ምንይችልን ስጠብቅ ኮቴ ሰማሁ። ምንይችል አይደለም። እናትነሽ ናት፣ መቀነቷን አጥብቃ፣ ነጠላዋን አገልድማ። ሰላምታ እንኳ የለም።

«ልጄን ርጭልኝ አልሽው አሉ።»

«አዎ።»

«እኔንስ መቼ ልትጠሪኝ ነበር?»

ደሜ ፈላ። «አንቺን ምን ብዬ ልጥራሽ? አረም የለሽ! ወንፈልሽን በምን ልመልስ?»

ዞራ ወደ ድንበሩ፣ ወደዚያች ጥግ በእጇ አሳየችኝ። «ያ ምንድን ነው? ዓይንሽን ምን ጋረደው?»

ወደ ጥጓ ዞሬ አየሁ።

«ፓምፑ ፊት ቆሜ ነው ያስተረፍኩት» አለች። «‹እማ፣ ሰው ይስቅብናል› ሲለኝ፣ ‹ይሳቅ! አትጠገብ ወንፈል የምትመልስበት ካጣች ሞታ ነው እንጂ ቆማ አትጠራኝም፣ አውቃታለሁ› አልኩት። ቅዳሜ ልነግርሽ ስል ነጠላሽን አጣፍተሽ ሄድሽ። ተራው ያንቺ ነው፤ ሳይጠሩኝ አቤት እንዳልል ጠበቅሁ። ስጠብቅ ስጠብቅ መጩ እምቡጥ ያዘ፣ አንቺ የተረገምሽ!»

የተረገምሽ አለችኝ። ይህን ስድብ እንዴት ናፍቄው ኖሯል! እዚያው ቁጭ ብዬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። እሷም ዓይኗ እየሞላ «አይ አንቺ፣ ይልቅ አርሚ» አለችና ጎንበስ አለች።

ቀኑን ሙሉ አወራች። ቤት ውስጥ መዋል መሯታል። ምራቷ እንስራ እንኳ አታስነሳትም። «ማሳው ጸዳ፣ እኔ ግን እንደ እንግዳ ተቀምጬ መዋል ሆነ ሥራዬ» አለች። የማን ልጅ እንደታጨች፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ሁሉንም ሰማሁ። እኔ እንደሆነ ከላሜ ወሬ በቀር ምንም አልነበረኝ።

ምንይችል ፓምፑን አዝሎ ደረሰና ሁለታችንን አይቶ ሳቀ። እናቱ አዘዘችው፦ «ከታች ያለውን እርጭ፣ ላይኛውን እንዳትነካ። ሁለት አሮጊት ሁሉንም አንዘልቀውም።» በገዛ ማሳዬ እኔን ማን ጠይቆኝ! ልቆጣ አሰብኩ፣ ወገቤ ከለከለኝ። ንፋሱ ሲተኛ ረጨ። ሽታው እኛ ድረስ መጣ። በርበሬዬ ላስቲክ ሥር ነው፤ ቅጠሉ ይጠቅለል አይጠቅለል ገና አላወቅሁም።

ነገ በዓለ ወልድ ነው። ከዚያ ቅዳሜ፣ ከዚያ እሑድ። ሰኞ የእናትነሽ ጥግ ነው፤ ዕዳ አለብኝ። ዕዳ ኖሮብኝ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዝናብ ብቻ እንዳይከለክለን። ጥጓ እንደሆነች ትንሽ ናት፣ ለሁለታችን እስከ ምሳ እንኳ አትበቃም። ቀስ ብለን ነው የምናርማት።