ስለ ማሞቂያችን መጥፋትና ስለ መብራት ሳጥኑ ቁልፍ፤ ለክቡር ሊቀ መንበሩ

ለክቡር አቶ ፎልክማር ዴገንሃርት
የታነንሎህ የክረምት ካምፕ ማኅበር ሊቀ መንበር፣ የመብራት ሳጥኖች ሁሉ ቁልፍ ያዥ፣ የቀትር ጸጥታ ጠባቂ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ በዚህ ውርጭ ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? እግርዎስ ይሞቃል? እኔና ባለቤቴ ሮስቪታ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርበን፣ በመኖሪያ መኪናችን ውስጥ ኮፍያ አድርገን፣ የሻይ ኩባያ በሁለት እጃችን አቅፈን ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ በእጅዎ ማድረስ ሲገባኝ በልብስ ማጠቢያ ቤቱ ሰሌዳ ላይ፣ ከደንቦችዎ ጎን የለጠፍኩት በድፍረት አይደለም። ደጃፍዎ ከቀኑ ሰባት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለቀትር ጸጥታ የተዘጋ በመሆኑና የእኔም ችግር ዘወትር በዚያው ሰዓት የሚነሣ በመሆኑ፣ ሌላ መንገድ አጥቼ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ የጫማዎን በረዶ ሳያራግፉ ምንጣፋችን ላይ ቆመው፣ «አቶ ቲድማን፣ ማሞቂያው የማይሠራ መኪና እዚህ አይከርምም። እስከ እሑድ ካልተስተካከለ ቦታውን ይልቀቁ» ስላሉን እጅግ አመሰግናለሁ። ግልጽነትዎ አስደስቶናል። ሮስቪታ ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦልደንቡርግ ላለችው ልጃችን ለዶርቴ ጠዋት ማታ ትደውላለች። የምትላትንም ሁሉ እሰማለሁ፤ አልጋና ምድጃ ባለው መኪና ውስጥ የሚደበቅ ወሬ የለም። «እኔ ባቡር ይዤ መምጣቴ ነው። አባትሽ ይኼን ፍሪጅ ሸጦ ይከተለኝ» ትላታለች።

መኪናውን የገዛነው እኔ ጡረታ ስወጣ ነው። ኦልደንቡርግ ውስጥ ጥሩ ቤት አለን፤ ነገር ግን እዚያ ቤት እሷ በአንዱ ክፍል ሬዲዮ ስትሰማ እኔ በሌላው ጋዜጣ ሳነብ እየመሸ ይነጋል። እዚህ ያለው ጠረጴዛ አንድ ብቻ ስለሆነ ፊት ለፊት ተቀምጠን ካርታ እንጫወታለን፤ ታሸንፈኛለች፣ ትስቅብኛለች። ክቡር ሊቀ መንበር፣ እሑድ የሚወስዱብኝ መኪናዬን የማቆምበትን ቦታ ብቻ አለመሆኑን እንዲረዱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። አቤቱታዎቼም እነሆ።

አንደኛ፤ ስለ ሳጥኑ። ማሞቂያችን የሚነደው በጋዝ ቢሆንም፣ እሳቱን የሚለኩሰውና ሙቀቱን የሚያራግበው ከባትሪ በሚያገኘው ኃይል ነው። ባትሪው ደግሞ የሚሞላው እርስዎ ቁልፉን በአንገትዎ ካንጠለጠሉት ከሰባተኛው የመብራት ሳጥን በሚመጣው ገመድ ነው። ጭነት ሲበዛ ኃይሉን የሚቆርጠው የሳጥኑ ብሬከር ከወደቀ ባትሪው አይሞላም፤ ባትሪው ከደከመ የጋዝ ሲሊንደሩ ጢም ብሎ ቢሞላም ማሞቂያው አይነሣም። እንግዲህ ይህ ብሬከር የቀትር ጸጥታው እንደገባ ይወድቃል። ተነሥቼ ደጃፍዎን ሳንኳኳ፣ ከውስጥ «ጸጥታ ነው!» የሚል ከጸጥታው የበለጠ የሚያስተጋባ ድምፅ ይመልስልኛል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆመን እንጠብቃለን፤ እርስዎም ፊትዎ በእንቅልፍ ቀልቶ ይመጡና ሳጥኑን ከፍተው፣ ብሬከሩን በአንድ ጣት አንሥተው፣ ዐይኔን ሳያዩ ይሄዳሉ።

ዕድሜዬን ሙሉ የባቡር ምልክት ተቆጣጣሪ ነበርኩ፤ ሥራዬም አረንጓዴ መብራት ሳይ አለማመን ነበር። ስለዚህ ጠረጠርኩዎ። በበጋው ሮስቪታ በጸጥታው ሰዓት ምንጣፍ የጠረገችበትን ማሽን አልረሱላትም፣ በቁልፉ እየተበቀሉን ነው ብዬ ደመደምኩ። ሦስት ቀን ሙሉ መጋረጃ ገልጬ ሳጥኑን ጠበቅኩ። እርስዎ አልቀረቡትም፤ ብሬከሩ ግን በሦስቱም ቀን ወደቀ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ልቡ ያርፍ ነበር፤ እኔን ግን ጥርጣሬው ባሰብኝ። ሳይጠጋ የሚያጠፋ ሰው ተጠግቶ ከሚያጠፋው ይከፋል አልኩ።

ሁለተኛ፤ ስለ ባትሪው። «ባትሪዎ አርጅቷል» ብለው ወደ ባለቤትዎ ወንድም ሱቅ ስለመሩኝ አመሰግናለሁ። አዲሱን ባትሪ እንደ ሕፃን አቅፌ አምጥቼ አስገባሁት፤ በማግስቱም እንደ አሮጌው ደከመ። ሳይሞሉት ከየት ያምጣ? የባለቤትዎ ወንድም ግን ትሑት ሰው ናቸው፤ ሁለተኛ እንድገዛ መክረውኛል።

ሦስተኛ፤ በእርስዎ ምክንያት ጎረቤቴን ወይዘሮ ዚግሊንደን መጠርጠሬ ነው። ከእኛ ጋር በአንድ ሳጥን የምትጠቀም እሷ ብቻ ናት ብዬ ስለማውቅ፣ በአክብሮት ጠጋ ብዬ የእኛን ኃይል የሚስብ ነገር እንዳላት ጠየቅኳት። «አቶ ቲድማን፣ የእርስዎን ባትሪ ሰርቄ የት ላደርገው? ውሻዬ አንገት ላይ ላንጠልጥለው?» አለችኝ። ውሻውም ጮኸብኝ። በማግስቱ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ተቀብያለሁ ብላለች፤ ሰላምታዋ ግን እስከ ዛሬ ከበረዶው አይሻልም።

አራተኛውን አቤቱታ ቁጥር ልስጠው ወይስ አልስጠው ብዬ ብዙ አሰብኩ። ከእርስዎ ማስጠንቀቂያ በኋላ ጥርጣሬዬን ለጊዜው አስቀምጬ፣ በሥራ ዘመኔ እንደማደርገው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ። ባትሪው የሚደክመው ብሬከሩ ስለሚወድቅ ነው። ብሬከሩ የሚወድቀው ሲበርደን ትንሿን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ስለምንሰካ ነው፤ ደንብዎ ይህን እንደሚከለክል አውቃለሁ፣ የሰካነው ጣታችን ስለደነዘዘ ነው። ያቺ ትንሽ ማሞቂያ ግን ብቻዋን ያን ሳጥን ትጥላለች ብዬ አላምንም፤ ይህን ለጊዜው እንተወው። የሚበርደንስ ለምንድን ነው? የጋዙ ማሞቂያ ቀድሞ ስለሚጠፋ ነው። ባትሪው ሞልቶ ባደረ ቀን እንኳ ማለዳ ላይ ጠፍቶ እናገኘዋለን። ሲሊንደሩን አነሣሁት፣ ከባድ ነው። የጢስ መውጫውን አየሁት፣ በረዶ አልደፈነውም። ከዚያ ዐይኔ ከጢስ መውጫው በላይ ወዳለው የመኝታችን መስኮት ሄደ።

በእኛ መኪና ያ መስኮት ከተከፈተ ጢሱ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ማሞቂያውን ወዲያው የሚያጠፋ ትንሽ ቁልፍ በፍሬሙ ላይ ተተክሏል። መጋረጃውን ገለጥኩ። መስኮቱ በጣት ስፋት ክፍት ነበር። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የጠረጠርኩት እርስዎን ነው፤ መስኮቱ ከውጭ እንደማይከፈት እስካረጋግጥ ድረስም አልተውኩዎትም። በኋላ ግን ክፍተቱን የያዘችውን ቢጫ የልብስ መቆንጠጫ አየኋት። የሮስቪታ ነበረች።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለችኝ። «አቶ ዴገንሃርት በመኸሩ ስብሰባ ያሉትን አልሰማህም? የጋዝ ማሞቂያ መርዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ባልና ሚስት ተቃቅፈው ተኝተው አልተነሡም አላሉም? አንተ ስታንኮራፋ እኔ የምተኛው ያቺን ነፋስ ፊቴ ላይ እየሰማሁ ነው።»

ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኳት። «ብነግርህ ትስቅብኛለህ» አለችኝ።

አልሳቅሁም። ባለቤቴ ከመኸር ጀምሮ አጠገቤ ፈርታ ስትተኛ እኔ መጋረጃ ገልጬ የእርስዎን ሳጥን ስጠብቅ ኖሬአለሁ፤ ይህ በጣም አሳዘነኝ። ያን ንግግርዎን በቡና ቤቱ አዳራሽ ቢራ ይዤ ሰምቼዋለሁ፤ እጅዎን ዘርግተው፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ የሟቾቹን ፒጃማ ቀለም ሳይቀር ሲተርኩ ከኋላ ወንበር ሆኜ አጨብጭቤአለሁ። እንዲህ ያለ ተሰጥኦ በአንድ ካምፕ ተወስኖ መቅረቱ ያሳዝናል። ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ የዛሬ ማሞቂያ እሳቱ የሚተነፍሰውን አየር ከውጭ ስቦ ጢሱን ወደ ውጭ እንደሚሰድ፣ የጋዝ ምርመራ ማለፋችንን የሚያሳየው ተለጣፊም ከኋላ ታርጋችን አጠገብ እንዳለ፣ ከአልጋችን በላይም የሚጮኽ የመርዛማ ጋዝ ጠቋሚ እንደተሰቀለ ለመጨመር ጊዜ አላገኙም፤ ቢራው እየሞቀብዎት ነበር።

ይህን ሁሉ እኔ አስረዳኋት። የጢስ መውጫውን አሳየኋት፣ ጠቋሚውን ተጭኜ አስጮኽኩላት። ጨርሳ አዳመጠችኝና፣ «ኤክሃርት፣ አንተ የባቡር ሰው ነህ። እሳቸው ሊቀ መንበር ናቸው» ብላ መቆንጠጫዋን ወደ ቦታዋ መለሰቻት። አብረን ያረጀን ባልና ሚስት ነን፤ እርስዎን ግን የምታውቅዎት በስብሰባ ብቻ ነው። የምታምነው እርስዎን ነው።

ስለዚህ ክቡር ሊቀ መንበር፣ የጠረጠርኩዎት እኔ ዛሬ የምለምነው እርስዎን ነው። የእሑዱን ማስጠንቀቂያ እንዲያነሡልን አልጠይቅም፤ መስኮቱ ከተዘጋ ማሞቂያው ይሠራል፣ እርስዎም የሚያባርሩበት ምክንያት አያገኙም። የምጠይቅዎ ከእሑድ በፊት አንድ ቀን ከጸጥታው ሰዓት ውጭ ብቅ ብለው፣ ያንኑ የሚያስፈራ ድምፅዎን ተጠቅመው፣ መስኮት ዘግቶ መተኛት እንደሚቻል ለሮስቪታ እንዲነግሯት ነው። ፒጃማውን ባያነሡባት ደስ ይለኛል። ጫማዎን ግን በር ላይ ያራግፉልን።

ላደረጉልን ሁሉ፣ ለቁልፉ፣ ለባትሪው፣ ለንግግሩና ለማክሰኞው ጉብኝት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አንገትዎ ያን ሁሉ ቁልፍ የሚሸከምበት ብርታት አይለየው፤ የቀትር እንቅልፍዎም የሰመረ ይሁን።

በሹራብ ላይ በደረብኩት ካፖርት ስም ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣
በታዛዥነቱ የማይታማ የሰባተኛው ረድፍ ነዋሪ፣
ኤክሃርት ቲድማን

ማስታወሻ፤ ይህን ጽፌ ካበቃሁ በኋላ፣ ከመለጠፌ በፊት፣ ገመዳችንን ልፈትሽ በአካፋ በረዶ ስጠርግ ከሳጥናችን ጀርባ የተሰካ ሌላ ጥቁር ገመድ አገኘሁ። እየጠረግኩ ተከተልኩት። በወይዘሮ ዚግሊንደ መኪና ሥር አልፎ፣ ውሻውን አስቆጥቶ፣ እርስዎ የቀትር እንቅልፍ ከሚተኙበት መኪና ደረጃ ሥር ገባ። እርስዎም ለእኛ የከለከሉት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንዳለዎት፣ ጋደም ሲሉ እንደሚበራ፣ ከእኛው ጋር ተደምሮም የሳጥናችንን ብሬከር ያኔ እንደሚጥለው ገባኝ። ስነሣ ደግሞ መስኮትዎን አየሁት፤ በጣት ስፋት ክፍት ነው፣ የያዘውም የእንጨት ማንኪያ ነው። እርስዎም በንግግርዎ ፈርተው ከሆነ አልፈርድብዎትም። ሮስቪታ ግን በየምሽቱ መጋረጃዋን ከመዝጋቷ በፊት ወደዚያ መስኮት ታያለች። ሊያስረዷት ሲመጡ፣ እባክዎን መጀመሪያ እሱን ዘግተው ይምጡ።