በጋባ ሐይቅ ዳርቻ ስላስፈጸሙት የክብር ፍልሚያ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ መርዕድ
በካምፓላ የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን የእርቅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ቡጎሎቢ፣ ካምፓላ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ በተለይም የሁለቱንም እጆችዎን ደህንነት እየተመኘሁ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ሳቢራ፣ የኪሱጉው ልብስ ሰፊ የኢሕሳን እህት ነኝ። የወንድሜ ቀኝ እጅ በጀሶ ስለታሰረ ደብዳቤውን የምጽፍልዎ እኔ ነኝ፤ ማኅበርተኛው ሁሉ እንዲያነበው ማድረጌንም እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ።

እንደሚያስታውሱት ባለፈው ግንቦት ጎረቤታችን አብዱልወሀብ የሚሸጣቸውን ቀሚሶች በወንድሜ ደጃፍ ላይ እየሰቀለ የስፌት መኪናውን ብርሃን ከለለበት። ተሰዳደቡ። ከዚያም እንደ አገራችን ወግ ጉዳያቸውን ለሽማግሌ ሰጥተው፣ ፍርዱ ምን እንደሚሆን ሳያውቁ እንቀበላለን ብለው ቃል ገቡ። ሽማግሌው እርስዎ ነበሩ። ስለዚህ ውለታዎ ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

1ኛ. በኮሮና እገዳ ቤት በተዘጋብን በሰኔ ወር፣ ጠቡን ለመስማት በጠሩት የዙም ስብሰባ ላይ ጠቡን ትተው ስለ አውሮፓ መኳንንት የፍልሚያ ታሪክ ለሁለት ሰዓት ስላስተማሩን። ጓንት ወርውረው እንዴት እንደሚጠራሩ፣ ጀርባ ለጀርባ ቆመው ስንት እርምጃ እንደሚራመዱ በሚገባ ተረድተናል። የተሰደበ ሰው ደም ካልታየ ክብሩ አይመለስም ሲሉም ወንድሜ አመነዎት።

2ኛ. እገዳው ሲላላ ሁለት የቤተሰብ አስተዳዳሪዎችን ጋባ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ወስደው በዱላ ስላፋለሟቸው። ከሁሉ ያስደነቀኝ ለጤንነታቸው ተጨንቀው ማስክ እንዲያደርጉ ማስገደድዎ ነው። በኮሮና የተያዘ የለም፤ የወንድሜ የእጅ አንጓ ብቻ ሁለት ቦታ ተሰበረ።

3ኛ. አጥንቱ ሲሰበር ክብር መመለሱን አውጀው ወደ መኪናዎ ስለሄዱ። ሐኪሙ ጣቶቹ ዳግም መርፌ ስለመያዛቸው እርግጠኛ አይደለም። ወንድሜ ከልብስ ስፌት በቀር የሚያውቀው ሥራ የለም። እዚህ ላይ በጨዋ ቃል ልሸፍነው አልቻልኩም፤ አንጀቴ አርሯል።

ክቡር ሆይ፣ እኔም ታሪኩን ፈልጌ አነበብኩት። እነዚያ መኳንንት ለየራሳቸው አጃቢ ነበራቸው፤ የአጃቢውም የመጀመሪያ ሥራ ሁለቱን ለማስታረቅ መሞከር ነበር። ይህን ገጽ ምን ነክቶዎት እንደዘለሉት አላውቅም። እነሱ እንኳ ለገላጋይ ቦታ ሰጥተዋል፤ እኛ ገላጋይ ስንፈልግ እርስዎን አገኘን።

በብዙ አገር ደግሞ መሣሪያውን የሚመርጠው የተበደለው ወገን ነበር። እኔ ድንጋይ መርጫለሁ። በመጪው እሑድ ማኅበርተኛው በተሰበሰበበት፣ እንደ አገራችን ልማድ በትከሻዎ ተሸክመው ወንድሜን ይቅርታ ይጠይቁልኝ። መጠኑን ለሕሊናዎ ትቻለሁ።

በሚገባዎ ልክ አክባሪዎ፣
ሳቢራ
ኪሱጉ፣ ጥቅምት 2014 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወንድሜን በቦዳ ሞተር ሳይክል ላይ ከኋላው ደግፎ ይዞ ከጋባ ወደ ሐኪም ያደረሰው አብዱልወሀብ ነው፤ መንገድ ላይ ሁለቱም እያለቀሱ ታረቁ። አሁን ጠዋት ጠዋት እየመጣ ጨርቅ ይቆርጥለታል። ይህን እርቅ በኮሚቴው ዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ እንዳያስገቡብን በትሕትና እንለምናለን።