ጀርሚስተን፣ ደሴ፣ አንድ

ረቡዕ፣ ሐምሌ 1 ቀን 2012፣ ጆ/በርግ፣ ከቀኑ 9፡30

የቢሮው ሥራ አልቋል። ኮምፒውተሩ ግን አልተዘጋም፤ አሁን የኮሚቴው ተራ ነው። እግሬ በብርድ ልብስ ተጠቅልሏል። መብራት ይሄዳል ብለዋል፣ ባትሪው ይበቃኛል።

ነገሩ ይሄ ነው፣ ደብተር። ጋሽ ደምሴ፣ የሐበሻ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ አንድ ሰንጠረዥ ይፈልጋሉ። በሽታው ከገባ ወዲህ ማን እንደታመመ፣ የት ሰፈር እንደሚኖር፣ ከአገር ቤት የየት ልጅ እንደሆነ በስልክ እየጠየቅን ስንመዘግብ ሰንብተናል። ያ ሁሉ በአንድ ገጽ ይግባ አሉ። ሰፈሩ ወደ ጎን፣ የትውልድ ከተማው ወደ ታች። የሆሳዕና ልጅ ለሆሳዕና ልጅ፣ የደሴ ልጅ ለደሴ ልጅ እንዲደርስ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ባዕድ አገር ላይ ከአገር ልጅ በቀር ማን አለን?

ለኔ ይሄ እንጀራዬ ነው። ቀን ቀን ለአንድ ኢንሹራንስ መ/ቤት የምሠራው ይሄንኑ ነው። ሰፈሩን ጎትቼ ረድፍ ላይ ጣልኩት፣ ከተማውን ዓምድ ላይ። ቁጥሮቹ በየሳጥናቸው ቁጭ ቁጭ አሉ። ከዚያ ማሳመር። የራስጌው ቀለም አረንጓዴ፤ አልወደድኩትም፤ ሰማያዊ። ድምር ከታችና ከዳር።

ቢሮ ሕግ አለን። በአንድ ሳጥን ውስጥ ከአምስት ሰው በታች ካለ ቁጥሩ አይታይም፣ ሰረዝ ይገባበታል። ማን እንደሆነ እንዳይታወቅ። እጄ ስለለመደ እዚህም አስገባሁት። ጀርሚስተን ሰረዝ በሰረዝ ሆነች፣ ጥርሱ የረገፈ አፍ መሰለች። ለጋሽ ደምሴ አሳየኋቸው። የምረዳው ሰው እንጂ ሰረዝ አይደለም አሉኝ። እውነታቸውን ነው አልኩና ሕጉን አነሳሁት። ላንተ ግን አልዋሽም፦ ሰንጠረዡ ሲሞላ አማረብኝ። ግማሹን ያነሳሁት ለዚያ ነው።

እንዳልረሳ። ጀርሚስተን (ጀር.) ላሉት የደወልኩት እኔ ነኝ። እትዬ ዘርፌም እዚያው ናቸው። ይሄን ብርድ ልብስ የሸጡልኝ ሴትዮ። መሐል ከተማው ላይ ሱቅ አላቸው፤ ደንበኞቻቸው ማማ ዌዚንጉቦ ይሏቸዋል፣ የብርድ ልብስ እናት ማለታቸው ነው። ተመርምረው ተገኝቶባቸዋል። ሳል ብቻ ነው፣ ክፍላቸውን ዘግተው ተኝተው ነበር፣ አሁን ተነስተዋል። አብረዋቸው ለሚኖሩት ሴቶች ጉንፋን ነው ብለው አለፉት። ለኔ ግን እውነቱን ነገሩኝ። «ሆድ ይፍጀው ልጄ፣ አደራ» አሉ። እሺ እትዬ አልኩ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 3፣ 8፡00

ወይ ጣጣ! መሥራቱ ቀላል ነበር፤ ማውጣቱ ገደለኝ። ፒዲኤፍ ሳደርገው የአማርኛው ፊደል ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ወጣ። ፊደሉን ቀየርኩ። ደግሞ ገጹ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ደሴና የዳሩ ድምር ሁለተኛው ገጽ ላይ ብቻቸውን ቀሩ። ገጹን አግድም አዞርኩ፣ ዓምዶቹን አጠበብኩ፣ ደሴን መልሼ ከሰው ቀላቀልኳት። ምሳ አልበላሁም።

ለጋሽ ደምሴ ላክሁት። ለሳቸው ብቻ። ከሥሩ «ከኮሚቴው እንዳይወጣ» ብዬ ጽፌ ነበር፣ መልሼ አጠፋሁት። አባቴን የሚያክሉ ሰው፣ እኔ እሳቸውን ላስጠነቅቅ? ነውር መሰለኝ።

መረቁኝ። እጅሽ ይባረክ፣ አንቺን የመሰለ ልጅ ይብዛልን። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

እሁድ፣ ሐምሌ 5፣ ከቅዳሴ በኋላ (በስልክ ነው የምናስቀድሰው)

ጋሽ ደምሴ ሰንጠረዡን የሐበሻው የስልክ ግሩፕ ላይ ለጥፈውታል። ያ ሁሉ ሰው ያለበት ግሩፕ! ለሁሉም የአገር ልጅ ይድረስ ይላል። ደርሷል። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከሦስት ሰው ተልኮ ወደኔ ተመለሰ፣ አንዷ እንዲያውም ይሄን አይተሻል ወይ ትለኛለች። ሥራው ይመሰገናል። ቀለሙ ሳይቀር።

መጀመሪያ ኮራሁ። ምን ልደብቅህ። ከዚያ አንድ የጀር. ሰው እጅ የተጋጠመበት ምልክት ለጠፈና ከሥሩ እንዲህ አለ፦ «ከደሴ አንድ። እግዚአብሔር ይማራት።»

ይማራት። በሴት።

ሰንጠረዡን ከፈትኩ። ጀርሚስተን፣ ደሴ፣ አንድ። ጀር. ውስጥ ከእትዬ ዘርፌ በቀር ከደሴ የመጣ ሰው የለም። ይሄን የማያውቅ ሐበሻ ጀር. ውስጥ አለ? እኔም አውቅ ነበር እኮ። ስሠራው ግን ቁጥር ነበር የማየው።

ለጋሽ ደምሴ ደወልኩ። አያነሱም። ለሰው ምሳ እያደረሱ ነው ተባለ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 6፣ 4፡00

የምስራች ደወለች። ከእትዬ ዘርፌ ሱቅ ጎን ሰው ሠራሽ ፀጉር የምትሸጥ ጓደኛዬ ናት። አብረዋቸው የሚኖሩት ሴቶች ትናንት ማታ ዕቃቸውን በረንዳ ላይ አውጥተውባቸዋል። ድስታቸውን፣ ብርጭቋቸውን፣ የማርያም ሥዕላቸውን። አንደኛዋ ነፍሰ ጡር ናት፤ በጉንፋን ስም ልትገድይኝ ነበር ብላ አለቀሰች አሉ። እንዴት ልፍረድባት? አከራዩም ሰማ። እትዬስ? ዕቃቸውን ሰብስበው ወጡ።

የት ሄዱ አልኳት። አታውቅም።

ስብሰባ ነበረኝ። ካሜራዬን ዘግቼ ተቀመጥኩ። አለቃዬ ስለ አንድ ሰንጠረዥ ትናንሽ ሳጥኖች ጠየቀኝ፣ ተሸፍነዋል ወይ ብሎ። ተሸፍነዋል አልኩት። ለኢንሹራንሱ ደንበኞች ተሸፍነዋል። ምነው እጄን በቆረጠው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 8

ባሰብኝ። ላስተካክል ብዬ አባባስኩት።

ሕጉን መልሼ አስገባሁ፣ ሰረዞቹን መለስኩ፣ የታረመ ብዬ ግሩፑ ላይ ላክሁ። አሮጌውን አጥፉት ብዬ ለመንኩ። ማን ያጠፋል! ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ያያሉ እንጂ። እሁድ አንድ የነበረው ዛሬ ለምን ተሸፈነ ብሎ ጠየቀ አንዱ። ሌላው የደሴን ድምር ከታች አየ፣ የሂልብሮውንና የካትሌሆንግን ቀነሰ፣ አንድ ቀረው። ድምሩን ማጥፋት ረስቻለሁ። ነጋዴ ሕዝብ ነው፣ መቀነስ ማን ይቸግረዋል?

እስከዛሬ የተጠራጠረም ዛሬ አረጋገጠ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ስልኩን ብርድ ልብሱ ሥር ቀበርኩት። ከዚያ ብርድ ልብሱ የማን እንደነበር ትዝ አለኝና ከላዬ ገፍፌ ጣልኩት።

ዓርብ፣ ሐምሌ 10፣ 10፡00

ጋሽ ደምሴ አነሱ። ድምፃቸው ደክሟል። ልቆጣ ነበር የደወልኩት፣ አልቻልኩም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም አሉኝ መጀመሪያ። ቀጥለው ቆጠሩልኝ። ካትሌሆንግ የሰፈር ሱቁ (ስፓዛው) ውስጥ ለብቻው ተኝቶ የነበረ የዱራሜ ልጅ አለ፤ ሰንጠረዡን ያዩ ያገሩ ልጆች ሄደው ሆስፒታል አደረሱት። የሂልብሮው ደሴዎች ለእትዬ ዘርፌ ምግብ አዋጥተው እስከ በር ሄደዋል። ሲደርሱ የሉም እንጂ። ሰንጠረዥሽ ሰው አድኗል፣ አታልቅሺ አሉ።

አለቅሳለሁ እንዴ? እያለቀስኩ ነበር ለካ።

ሁሉም እውነት ነው፣ ደብተር። ልጁ ድኗል። እኔም ያንን ይዤ ከዚህ ልወጣ እችል ነበር። ግን ልጁ አደራ አላለኝም። አደራ ያሉኝ እሳቸው ናቸው፤ አደራ በላዋ እኔ ነኝ። ጋሽ ደምሴ አልሰሙም፣ አልማሉም። የሰጠኋቸውን ለጠፉ።

ትርፍ ክፍል አለኝ። ካርቶንና የተሰበረ ወንበር ነው ያለበት። ይሄ ሐሳብ ሰኞ ዕለት፣ ገና የምስራች ስትነግረኝ መጥቶብኝ ነበር። አባረርኩት። ቢይዘኝስ ብዬ። ድነዋል፣ ቀኑ አልፏቸዋል፣ አውቃለሁ፤ ራሴ ነኝ የመዘገብኩት። ፈራሁ በቃ።

እሁድ፣ ሐምሌ 12

የእትዬ ዘርፌ ቁጥር ስልኬ ላይ አለ። እስከዛሬ ያልደወልኩት ጠፍቶብኝ አይደለም።

አነሱ። ሱቃቸው ውስጥ ነው የሚያድሩት፤ ከኋላ፣ ሲሚንቶው ላይ። በዚህ ብርድ! ጠዋት ጠዋት የኔ ሰፈር የኬንሲንግተን ሣር እንኳ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። እሳቸው ይስቃሉ። ብርድ ልብስ ነጋዴ በብርድ ሲሞት የት አይተሻል ይሉኛል። ሳቃቸው መጨረሻው ሳል ነው። ገበያውም ቀዝቅዟል፣ ሐበሻው በዚያ በኩል ማለፍ ትቷል። ደንበኞቻቸው ግን ሳውቦና ማማ፣ ሰላም እማማ እያሉ ይገባሉ። እነሱ ግሩፑ ውስጥ የሉማ።

እትዬም የሉበትም። ስልካቸው ተራ ነው፣ ሰንጠረዡን አላዩትም። ወሬው ከየት እንደተነሳ አያውቁም። ድንገት ጠየቁኝ።

«ማን ነው የነገራቸው ትያለሽ?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ።

«ከኮሚቴው ነው ይላሉ። አንቺ እንዳልሆንሽማ አውቃለሁ፣ አለሜ። የምስራች ፊት ምዬልሻለሁ።»

«አላውቅም እትዬ» አልኩ።

አላውቅም! ይሄ አፍ! ሰንጠረዡ ስሕተት ነበር ልል እችላለሁ፣ ቸኩዬ ነው፣ ሰው አክብሬ ነው። ይሄኛው ምን ይባላል? ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 13፣ ጠዋት

ክፍሉን አጸዳሁ። ወንበሩን ጣልኩ። ፍራሽ አነጠፍኩ። ያንን ብርድ ልብስ አልጋው ላይ ዘረጋሁት፣ መልሼ አነሳሁት፣ መልሼ ዘረጋሁት።

እስከ አራት ሰዓት ዕቅዴ ይሄ ነበር፦ አምጥቼ ላሳርፋቸው፣ ይሙቃቸው፣ ይብሉ፤ ከሳምንት በኋላ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ። ደግ ዕቅድ ይመስላል፣ አይደል? አይደለም። እኔ ቤት ተቀምጠው፣ እንጀራዬን እየበሉ፣ እኔ ነኝ ብላቸው ምን ይሉኛል? መሄጃ የሌለው ሰው እሺ ከማለት በቀር ምን አለው? ያ ይቅርታ አይደለም፣ ኪራይ ነው።

ስለዚህ አስቀድሜ ነው የምነግራቸው። ሱቃቸው ላይ፣ ገና መሄጃም መቆያም ሳልሰጣቸው። አንቺ ቤትማ አልገባም ካሉም ይበሉ። የዚያን ጊዜ ቤቱን ለሳቸው ትቼ ቁልፉን ለየምስራች እሰጣለሁ፣ እኔ ሌላ ጓደኛዬ ጋ እሄዳለሁ። ሰንጠረዡንም የሠራሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ሰረዙን ያነሳሁት እኔ እንደሆንኩ ግሩፑ ላይ በስሜ እጽፋለሁ። እሳቸው ከፈቀዱ። ያለ ፈቃዳቸው ስለሳቸው ሁለተኛ ምንም አልለጥፍም።

በዚያው ቀን፣ 7፡20፣ ጀር.

መኪና ውስጥ ነኝ። ሱቃቸው ፊት ለፊት። አንተን ይዤህ መጣሁ፣ እጄ የሚይዘው ነገር ቢያጣ ተመልሼ እንዳልሄድ።

ከዚህ ይታዩኛል። ከስተዋል። ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው ለአንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ብርድ ልብስ እየዘረጉ ያሳያሉ። ሴትየዋ ትዳስሳለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ሌላ ይዘረጋሉ። የምስራች ከጎን አየችኝ፣ አልመጣችም።

ቃሉን ስለማመድ ነው የመጣሁት። እትዬ፣ እኔ ነኝ። ትናንት ዋሽቻለሁ። ሌላ ምክንያት አልጨምርበትም፣ ስለ ዱራሜው ልጅም አላነሳም።

ሴትየዋ ገዝታ ሄደች። አዩኝ። እጃቸውን ያወዛውዛሉ፣ ፊታቸው በራ። መጡ። በእጃቸው ትራስ ይዘዋል፤ አዲስ ነው፣ ላስቲኩ አልተቀደደም። ለኔ ነው መሰለኝ። ወይኔ እትዬ፣ ትራሱን ከመቀበሌ በፊት። አሁን። መስኮቱን ላውርድና ልንገራቸው።