ከበሽሎ የመጡት ዓሦች

ሰኞ፣ መስከረም 24

ውሃው ዛሬም ደፈረሰ። ጭቃ ቢሆን ይዘቅጥ ነበር። ይሄ አይዘቅጥም፤ በመስታወቱ ሣጥን ውስጥ እንደ ትንፋሽ ቆሟል። በነጭ ሳህን ቀድቼ መስኮቱ ላይ አየሁት፦ ትንሽ ቢጫ ነገር። አሸተትኩት። ምንም። ግን ጉንፋን ይዞኛል፣ አፍንጫዬን አላምነውም።

ሦስቱም ዓሦች ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። የሚናገሩ ይመስላሉ። አላዳምጥም።

ያመጣቸው ወንድሜ ይርጋ ነው። በፋሲካ ሰሞን ከበሽሎ ወንዝ በቅል ይዟቸው አቀበቱን ወጣ። «ለተማሪዎችህ» አለኝ። በነሐሴ፣ ከወሎ ማዶ ፍየል ነድቶ ሲመለስ፣ ያው ወንዝ ወሰደው። ፍየሎቹ ተሻገሩ። አስከሬኑ አልተገኘም። ልብሱን ዘርግተን አለቀስን። መቃብር የለውም። ያለኝ እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ይህን ጽፌ አፈርኩ፤ ግን አልሰርዘውም።

እናቴን ከስማዳ አምጥቼ እኔ ዘንድ አስቀምጫታለሁ። እቤቷ ተኝታ ወንዙ ይሰማኛል ስላለች ነው። ወንዙ ከእነሱ ቤት ሩቅ ነው፣ አይሰማም። እንደመጣች ሣጥኑ ፊት ቆመችና ከዚያ ውሃ ናቸው ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። «ከዚያ የወጣ ነገር ቤትህ ታኖራለህ» አለች። ከዚያ ወዲህ በአጠገባቸው ስታልፍ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች።

ማክሰኞ፣ መስከረም 25

ሁሉን እንደ ደንቡ አድርጌአለሁ። ሣጥኑን ትቶልኝ የሄደው ፈረንጅ አስተማሪ ያሳየኝን አንድ በአንድ፦ ውሃውን ሁሉ አትድፋ፣ ሲሶውን ብቻ። አዲሱ ክፍሉ ውስጥ ይደር፣ ቅዝቃዜው ከአሮጌው ጋር ይስተካከል። ፀሐይ በቀጥታ አያግኘው። ፍርፋሪ አይብዛ። አላበዛሁም። ታዲያ ምንድን ነው?

ጎረቤቴ አቶ ቢተው ባልዲ ይዤ ስመላለስ አይቶ፣ «የኔታ፣ ለሁዳዴ ነው የምታደልባቸው? ይህን ያህል ውሃ ለበሬዬ ብትቀዳለት ዝሆን በሆነ ነበር» አለኝ። ሳቅኩ። ሳቄ ለራሴም ጥሩ አልመሰለኝም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሣጥኑ ሥር ወለሉ ረጥቧል። ውሃውም ጠዋት ከተውኩት ከፍ ብሏል። እናቴን ጠየቅኋት። አቧራ እንዳይነሳ ውሃ ረጭቼ ነው አለች። ሌላው ወለል ደረቅ ነው።

ረቡዕ፣ መስከረም 26

አንዱ ሞተ። ትንሹ። በጎኑ ተንሳፍፎ አገኘሁት።

በአጥሩ ሥር ቀበርኩት። ስመለስ እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርገኸዋል?»

ትቀልድብኝ እንደሆነ ፊቷን አየሁ። አትቀልድም። አላስተዋልኩም አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና ወደ ውስጥ ገባች።

ከዚያ ጀምሮ አንድ ሐሳብ አልለቀቀኝም፦ ብርብራ። ቆላ ያሉ ሰዎች ፍሬውን ወቅጠው ወንዝ ላይ ይበትኑታል፣ ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል፣ በእጅ ይለቅሙታል። እሷ ይህን ታውቃለች። ልጇን የበላ ውሃ በልጇ ቤት ተቀምጦ ሲያፈጥባት፣ ለምን አትገድለውም? እኔስ በእሷ ቦታ ብሆን?

እናቴ ናት። ይህን ያሰብኩት ስለ እናቴ ነው።

ሐሙስ፣ መስከረም 27

እናቴ ውሃ ልትቀዳ ምንጭ ስትወርድ ጓዟን ፈተሽኩ። ብርብራ የለም። ዓሣ የሚገድለው እንዶድም የለም። የይርጋ እጀ ጠባብ አለ፣ ሳይታጠብ፣ ተጠቅልሎ። እንደነበረ መልሼ ጠቀለልኩት። ጥቅልሉ ግን እንደነበረ አልሆነም።

ማታ እራት ስታቀርብ ዓይኔን አላየችም። ወይም እኔ አላየኋትም።

ሁለቱ ዓሦች አሁንም ላይ ናቸው። ጎንበስ ስል መስታወቱ ውስጥ የሚታየኝ ፊት የኔ ነው፤ አገጩ ግን የይርጋ ነው። ዛሬ ጎንበስ ማለቱን ተውኩት።

ዓርብ፣ መስከረም 28

ገበያ ስለሆነ ከተማሪዎቹ ግማሹ አልመጡም። ቶሎ ለቀቅኳቸው። መንገዱን የሞሉትን አህዮች አልፌ ቤት ስደርስ ከጓሮው ጢስ ይወጣል።

እናቴ እንስራውን በወይራ ፍም ላይ ደፍታ ታጥነዋለች። በአጥሩ ክፍተት ቆሜ አየኋት። አነሳችው፣ ውሃ ሞላችበት፣ ነቀነቀችው፣ ይዛው ገባች። ተከተልኩ። በጣሳ እየቀዳች ቀስ አድርጋ ሣጥኑ ውስጥ ታፈሳለች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነው። ፊቷን አልሸፈነችም።

«ምን እያደረግሽ ነው፣ እማዬ?»

አልደነገጠችም። «አጠጣዋለሁ» አለች። «አንተ ጥሬ የምንጭ ውሃ ትገለብጥበታለህ። ይርጋ ካልታጠነ እንስራ ጠጥቶ ያውቃል? ከሕፃንነቱ ጀምሮ። ያ ድፍርስ ወንዝ ምን ምን እንዳጋተው እንጃ፤ እዚህ እንኳን ጥሩ ውሃ ያግኝ።»

ጣሳውን ከእጇ ተቀበልኩ። አሁን ሸተተኝ፤ ጉንፋኑ ለቆኝ ነበር። ወይራ። ልጅ ሆነን የጠጣነው ውሃ ሁሉ እንዲህ ይሸት ነበር፣ ደስ ይል ነበር።

ከሁለቱ አንዱ ሆዱን ወደ ላይ አድርጓል።

ምን እላታለሁ? የምታጠጪው እየገደለው ነው ልበላት? እንደገና? ደጋው ነው የጎዳቸው፣ የቆላ ፍጥረት ናቸው አልኳት። አዲስ ውሃ ለጊዜው ይቅርባቸው አልኩ። እሺ አለች። በጣም ቶሎ እሺ አለች።

እሷ ስትተኛ ሲሶውን ለወጥኩ። ተነሥቼ ሌላ ሲሶ ልለውጥ አልኩና ፈራሁ። አንድ ቀርቷል።

ቅዳሜ፣ መስከረም 29

ስነቃ እናቴ የለችም። እንስራው ጥጉ ላይ ባዶውን ቆሟል።

የአቶ ቢተውን ባልዲ ተውሳ፣ በአሸዋ ፈትጋ፣ ከምንጩ ሞልታ ስትመጣ ደጅ ላይ አገኘኋት። ባልዲውን ሣጥኑ አጠገብ አስቀመጠች። ጣቷን አንዴ ባልዲው ውስጥ፣ አንዴ ሣጥኑ ውስጥ ነክራ ሁለቱንም አሸተተች።

«ጢሱ ነው፤ አይደለም?»

ልዋሽ አፌን ከፈትኩ። ዓይኔ ግን ጥጉ ላይ ወዳለው እንስራ ሄደ። ዓይኔን ተከትላ እሷም እንስራውን አየች። አላለቀሰችም። መደቡ ላይ ተቀመጠችና ቅዝቃዜው እስኪሰበር እጇን ባልዲው ላይ ጭና ጠበቀች። ረጅም ሰዓት ነው የጠበቀችው። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስለ ይርጋ አልተነጋገርንም። ስለ ገብሱ አወራን፣ ዘንድሮ ዋግ እንዳልመታው።

ከዚያ ስንት ላፍስ አለችኝ። መጀመሪያ ሲሶውን እንቀዳለን፣ ያንኑ ያህል እንመልሳለን አልኳት። እኔ ቀዳሁ፣ እሷ መለሰች። ውሃው ድምፅ ሳያሰማ ነው የገባው።

ዓሣው አሁንም ላይ ነው። ይከፍታል፣ ይዘጋል። ከጠዋቱ ቀስ ያለ ይመስለኛል። ይህ መሻል ይሁን መድከም አላውቅም።

«የኔ ዓይን ደክሟል» አለች። «አንተ እይልኝ። ይጠጣል?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ።

ይጠጣል አልኳት።