ሳይቀጥሩኝ ያባርሩኝ ዘንድ

ሚያዝያ 26 ቀን
ሞያሌ፣ ኬንያ፤ ከበሩ ድንጋይ ላይ ተጽፎ

ለክቡር ሚስተር ዴኒስ
የውሃ ፓምፕ ጥገና ድርጅት የሞያሌ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት (ከበሩ ወደ ውስጥ ሠላሳ እርምጃ)

ጉዳዩ፦ ከሌለኝ ሥራ እንድሰናበት ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ ለነጩ መኪናዎ፣ በተለይም ለመኪናዎ ክላክስ የተትረፈረፈ ጤና እመኛለሁ። ክላክስዎ በየማለዳው በሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ሁለቴ አጭር አንዴ ረዥም ሲጮህ ስሰማ፣ እግዚአብሔር በሰላም እንዳሳደረዎ ስለማውቅ ተመስገን እላለሁ። እኔም በቸርነቱ ደህና ነኝ፤ ሥራ ከመፈለግ በቀር ሌላ ሕመም የለብኝም።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። ስዋሂሊዬ በር ለመክፈትና ለመዝጋት እንጂ ለቅሬታ አይበቃም፤ እንግሊዝኛዬም “እናዝናለን” የሚለውን ቃል ከሩቅ ለይቶ ከማወቅ አላለፈም። እርስዎ አማርኛ እንደማያነቡ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ከድንበሩ ማዶ ነጋዴዎች የሚመጣ የአማርኛ ደብዳቤ ሁሉ ተነብቦ እንዲነገርዎ ወደ በሩ፣ ማለትም ወደ እኔ ስለሚላክ፣ ይህንንም ቁጭ ብዬ የማነብልዎ እኔው ነኝ። ሦስተኛው ቁጥር ላይ ስደርስ ድንገት ሳል ቢይዘኝ ይቅርታዎን ከወዲሁ እጠይቃለሁ። ያልተሳለበትን ሙሉ ቃል ለማንበብ የሚፈልግ የከተማችን ሰው በከዲጃ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ያገኘዋል።

ስሜ ዳኜ ቦጋለ ይባላል። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ሞያሌ ነው፤ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬአለሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ሆቴል የአልጋ መዝገብ ስይዝ ኖሬአለሁ። ባለቤቴ ፀዲ ካረፈች አራት ዓመት፣ ሆቴሉ ከተዘጋ ደግሞ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ፈላጊ ነኝ። የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዎ ወይዘሮ ኑርሀን ቁጥር የሌለውን ጽሑፍ ስለማያነቡ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ማስታወቂያው። በጥር ወር አንድ ተጨማሪ ዘበኛ እንደምትፈልጉ ለጥፋችሁ ስላየሁ እጅግ ደስ አለኝ። ዘበኛው ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቀ፣ ኮምፒውተር የሚችል፣ በበር ጥበቃ የሦስት ዓመት ልምድ ያለውና ይህንንም ከቀድሞ አሠሪው በማኅተም የሚያረጋግጥ እንዲሆን ጠይቃችኋል። እኔም በሩን ሄጄ አገላብጬ አየሁት። አንድ መቀርቀሪያና አንድ ቁልፍ አለው። ኮምፒውተሩ በየት በኩል እንደሚሰካ ግን ላገኘው አልቻልኩም፤ የትምህርቴ ማነስ ነው ብዬ ራሴን ወቀስኩ። ለዚህች አንዲት በር መቶ አርባ ሰው ማመልከቱን ስሰማም፣ በሩ ምን ያህል ቢከበር ነው ብዬ በፊቱ ቆሜ ኮፍያዬን አወለቅሁ።

2. ስለ “ኬሾ”። ማመልከቻዬን ሳስገባ ወይዘሮ ኑርሀን በትሕትና “እንጠራሃለን፤ ንጆ ኬሾ” አሉኝ፤ ነገ ና ማለታቸው ነው። ሌሎቹ አመልካቾች ይህ የስንብት ቃል መሆኑ ገብቷቸው ወደየቤታቸው ሲበተኑ፣ እኔ የሰው ቃል የማከብር ስለሆንኩ በማግሥቱ መጣሁ። አሁንም “ኬሾ” ተባልኩ፤ አሁንም መጣሁ። ሲጠሩኝ ድምፃቸውን ከፍ እንዳያደርጉ በማሰብ ከበሩ ውስጥ ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የገባ ሁሉ በእንግዶች መዝገብ ላይ ይፈርም የሚል ደንብ ስላላችሁ ጠዋት ስገባ ፈረምኩ፣ ማታ ስወጣ ፈረምኩ። አራተኛው ዓምድ “የመጡበት ጉዳይ” ይላል። ማንም እንዳይቸገር ብዬ፣ በየቀኑ፣ በሚነበብ እጅ ጽሕፈት፣ በስዋሂሊ “ሥራ ፍለጋ” ብዬ ሞላሁት።

3. ስለ ካፖርቱ። ዘበኛዎ ጅሎ ደግ ሰው ነው። ድንጋይዋ ላይ በተቀመጥኩ በሦስተኛው ቀን “ዳኜ ወንድሜ፣ ሻይ ቀምሼ ልምጣ፣ በሯን እያት” ብሎኝ ወደ ከዲጃ ዘንድ ተሻገረ። ያን ቀን ሻዩ አሥር ደቂቃ ፈጀ። እየዋለ እያደረ ሻዩ ከምሳው ጋር ተገናኘ፤ ምሳው ከጁምዓ ሶላት ጋር፤ በመጨረሻም ጎልቦ በሚባለው ቆላ ያለች ግመሉ ወልዳ ኖሮ፣ ሦስት ቀን አይቻት ልመለስ ብሎ ቁልፉን፣ ፊሽካውንና ከጀርባው የድርጅቱ ስም የተጻፈበትን ካፖርት ሰጥቶኝ ሄደ። ግመል አይቶ መመለስ ይህን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ደጋ ተወልደው የመጡት ወላጆቼ አላስተማሩኝም ነበር። በየሳምንቱ አንድ ቀን ብቅ ይላል፤ ወተት ያመጣልኛል፤ ግመሊቱ ገና አላመነችኝም ብሎ ይመለሳል።

በዚህ መካከል ነው እርስዎ ክላክስ አድርገው፣ መስኮት ዝቅ አድርገው፣ “ሶልጃ!”፣ ማለትም ዘበኛ፣ ብለው የጠሩኝ። እዚህ ላይ ራሴን ሳልመረምር ባልፍ ፈሪሃ እግዚአብሔር የለኝም ማለት ነው። በዚያች ቅጽበት “ጌታዬ፣ እኔ አመልካች እንጂ ዘበኛ አይደለሁም” ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ማንም በሥራ ስም ጠርቶኝ አያውቅምና ጆሮዬ ደስ አለው፤ እጄም ከሕሊናዬ ቀድሞ በሩን ከፈተ። ነገሩ ቢከብደኝ ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። እሳቸውም “ደመወዝ ተቀብለሃል?” አሉኝ። አለመቀበሌን ስነግራቸው “እንግዲያው ልጄ፣ ኃጢአቱ ያንተ ብቻ አይመስለኝም” ብለው በሠላሳ ስግደት አሰናበቱኝ። የቀረውን ድርሻ ለማን እንደማደርስ ስላልነገሩኝ እስካሁን ይዤዋለሁ።

4. ስለ ቃለ መጠይቁ። በመጋቢት አጋማሽ ዘጠኝ አመልካቾችን ለቃለ መጠይቅ ስትጠሩ እኔንም ሰባተኛ አድርጋችሁ ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ። ጅሎ ግመሉ ዘንድ ስለነበር፣ ስምንቱን ተፎካካሪዎቼን በር ከፍቼ ያስገባሁ፣ በጥላው ሥር በተራ ያስቀመጥኩ፣ ውሃ ያጠጣሁ እኔ ነኝ። ከኡራን በሞተር ብስክሌት መጥቶ ቅንድቡ ድረስ አቧራ የለበሰ ዋሪዮ የሚባል ጎልማሳ ጠጋ ብሎ “አባቴ፣ እርስዎ የቤቱ ሰው ነዎት፤ እባክዎ ምን እንደሚጠይቁ ሹክ ይበሉኝ” አለኝ። እኔም እንደ እሱ ተጠያቂ መሆኔን ብነግረው “ይቺ ዘበኛ ቀልድ ታውቃለች!” ብሎ ከጎኑ ላለው አወራለትና መታወቂያውን ለፍተሻ ሰጠኝ። መለስኩለት።

ተራዬ ሲደርስ ሰባተኛ ብዬ ስሜን ራሴ ጠራሁ፤ ራሴም አቤት አልኩ፤ ካፖርቱን መቀርቀሪያው ላይ ሰቅዬ ገባሁ። እርስዎ ከወረቀትዎ ቀና ብለው አዩኝና፣ ስለ ትምህርቴም ስለ ልምዴም ከመጠየቅዎ በፊት፣ “በሩ ላይ ማን አለ?” አሉ። የፈጣሪን ስም የሚጠራ ሰው አይዋሽምና “ማንም የለም ጌታዬ፤ እኔ እዚህ ነኝ” አልኩ። “ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ? ቶሎ ሂድ!” አሉኝ። ሮጥኩ። ቃለ መጠይቄም በዚህ ተጠናቀቀ። በዚያች ቅጽበት ስድስት የሰፈር ፍየሎች ገብተው፣ የውጭ እንግዶቻችሁ አምና ፎቶ እየተነሱ የተከሏቸውን ችግኞች ከነስም ሰሌዳቸው በልተው ነበር።

5. ስለ ፍየሎቹ የምጨምረው የለኝም።

6. ስለ ሁለቱ ደብዳቤዎች። ባለፈው ረቡዕ ተላላኪያችሁ እንደ ወትሮው ለባለቤቶቻቸው የማደርሳቸውን ፖስታዎች በሩ ላይ ሰጠኝ። ሁለቱ ለዳኜ ቦጋለ የተጻፉ ነበሩ። እንደ በር ጠባቂ ተረክቤ ፈረምኩ፤ ባለቤቱን ፈለግሁ፤ አገኘሁት፤ እንደ ባለቤትም ፈረምኩ።

የመጀመሪያው “በበር ጥበቃ ምንም ልምድ ስለሌለዎት ልንቀጥርዎ ባለመቻላችን እናዝናለን” ይላል። ሁለተኛው ደግሞ “በዕለተ ዓርብ ያለ ፈቃድ የበር ጥበቃ ሥራዎን ጥለው ስለቀሩ ይህ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎታል” ይላል። ቀኑ አንድ፣ ማኅተሙ አንድ፣ ከሥሩ ያለው ያማረ ፊርማዎም አንድ ነው።

በተባለው ዓርብ መቅረቴ እውነት ነው። የእናንተ ስቅለት በሳምንት ቀድሞ ስላለፈ ቀኑ ለቢሮው ተራ ዓርብ ነበር፤ ለእኔ ግን ስቅለት ነው፤ ኬላውን ተሻግሬ ማዶ ካለው ቤተ ክርስቲያን ስሰግድ ዋልኩ። ካልዋሸሁ፣ ከስግደቶቹ መካከል አንዷን ለእናንተው ክፍት የሥራ ቦታ ሰግጃታለሁ። ያችን ቢቀንሱልኝ ቅር አይለኝም።

ወይዘሮ ኑርሀንን ስለ ሁለቱ ደብዳቤዎች ብጠይቃቸው “አባ ዳኜ፣ ቢጫው ፋይል የአመልካች ነው፤ ሰማያዊው የሠራተኛ ነው፤ ሁለቱ አይገናኙም” አሉኝ። ፋይሎቹን አየኋቸው፤ ትከሻ ለትከሻ ተደግፈው አንድ መደርደሪያ ላይ ቆመዋል። የበሩ ሠራተኛ መቆጣጠሪያ ስለሌላቸውም የእንግዶችን መዝገብ ቆጥረው፣ ዳኜ የተባለ ሰው ስልሳ ሁለት ቀን ተገኝቶ አንድ ቀን መቅረቱን አረጋግጠዋል። ቆጠራቸው ልክ ነው። አራተኛውን ዓምድ ብቻ አላነበቡትም። ከዚያም ልምድ ያለው ሰው ስለጠፋ ቦታው እንደገና እንዲወጣ ተወስኗል ብለው አዲሱን ማስታወቂያ ሰጡኝና በሩ ላይ ለጠፍኩት። ቀጥ ብሎ ነው የተለጠፈው፤ ሲያልፉ ይመልከቱልኝ።

ክቡር ሆይ፣ አንድ ነገር ልናዘዝልዎ። ማስጠንቀቂያውን ሳነብ ደስ አለኝ። ሆቴሉ ከተዘጋ ወዲህ ስሜና ሥራ የሚለው ቃል በአንድ ወረቀት ላይ ሲገናኙ የመጀመሪያቸው ነው። ቤቴ ወስጄ፣ በላስቲክ ሸፍኜ፣ ከፀዲ ፎቶ አጠገብ አስቀመጥኩት። ፀዲ በሕይወት ሳለች እየሳቀችብኝ “ዳኜ፣ አንተ እኮ በር ሲዘጉብህ እንኳ ከዘጊዎቹ ጋር አብረህ ትገፋለህ” ትለኝ ነበር። ያን ዕለት ፎቶዋን ሳየው የምታላግጥብኝ መሰለኝ፤ እውነቷን ነበር። ስለዚህ በዚህ ዕድሜዬ አንድ ጊዜ አልገፋም ብዬ ይህን ጻፍኩ።

የምለምነው ሥራውን አይደለም፤ ልምድ የለኝምና። ስላለፈው ደመወዝም አላነሳም። የምለምነው እንድታባርሩኝ ነው። በደንባችሁ መሠረት ሦስት ማስጠንቀቂያ የደረሰው ሠራተኛ ይሰናበታል፤ የተሰናበተ ሠራተኛም በምን ሥራ ላይ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደቆየ የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይሰጠዋል። በዚህች ከተማ ያለ ቢሮ ሁሉ ልምድ አምጣ ይለኛል፤ ያን ወረቀት ብይዝ በሌላ በር ቆሜ እንጀራዬን በእጄ እበላለሁ። አንዱን ማስጠንቀቂያ በነጻ ሰጥታችሁኛል፤ የቀሩኝ ሁለት ናቸው። ጥፋቱ በድንገት ደርሶ ሥራ እንዳይበድል፣ ሐሙስ ግንቦት 13 ቀን ለዕርገት፣ ዓርብ ግንቦት 21 ቀን ደግሞ ለማርያም ያለ ፈቃድ የምቀር መሆኑን በቅድሚያ በትሕትና አስታውቃለሁ። ሁለቱንም ቀን ጅሎ በሩ ላይ እንዲውል ተስማምተናል፤ ግመሊቱ ከፈቀደች።

ይህን ልመናዬን ተቀብለው፣ ልምድ የሌለኝን እኔን፣ ከልምዴ በክብር እንደሚያሰናብቱኝ በጽኑ ተስፋ በማድረግ፣ በቢጫውም በሰማያዊውም ፋይል ስም እጅ እነሣለሁ።

የእርስዎው አመልካች ቁጥር ሰባት፣
የእርስዎው ማስጠንቀቂያ ቁጥር አንድ፣
ዳኜ ቦጋለ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ኑርሀን (ሁለት ቅጂ፤ ለሁለቱም ፋይል)
ለከዲጃ ሻይ ቤት ግድግዳ
ለአቶ ጅሎ፣ ግመሉ ካለችበት፣ ጎልቦ

ማስታወሻ፦ ይህን ጨርሼ ሳጥፍ ሁለቴ አጭር አንዴ ረዥም ክላክስ ሰማሁ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ደብዳቤዎ ይህን በር መክፈት አልችልም፤ በሁለተኛው ካልከፈትኩ እጠየቃለሁ፤ ስለዚህ በሁለተኛው ሰውነቴ ተነሥቼ ልከፍትልዎ ነው። ደንቡ ለሁሉም እኩል ነውና፣ ሲገቡ እባክዎ ከመኪናው ወርደው መዝገቡ ላይ ይፈርሙልኝ። አራተኛውን ዓምድም እንዳይዘሉት፤ እኔ አነበዋለሁ።