ጓሮ ወይስ አማት

ግንቦት 3

ወበቅ። ሸሚዜ ገና ቁርስ ላይ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ። ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ «ሞቃትና እርጥበታማ ቀጠና» ብዬ ስጽፍ ጠመኔው በእጄ ላብ ራሰ። ጂኦግራፊ በተግባር ማለት ይሄው ነው። ሌላ የሚጻፍ ነገር የለም።

ግንቦት 5

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። እኔ ላይ ሁለቱም ደርሷል።

ሚስቴ ምሳ ላይ እናቷን አነሳች። ዓይናቸው እየደከመ ነው፣ ያን የደጋ ዳገት ብቻቸውን እየወጡና እየወረዱ መኖር የለባቸውም፣ ጓሮው ላይ አንድ ክፍል እንሥራላቸው አለች። ነገሩ ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው ያስጨነቀኝ። ጓሮው ማለት እኮ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወንበር አውጥቼ፣ ሸሚዜን አውልቄ፣ ማንም «መምህር» ሳይለኝ የምቀመጥበት ብቸኛ ቦታ ነው። አማት ፊት ሸሚዝ ይወለቃል? ይሄንኑ እንደ ሰው መናገር ሲገባኝ ምን አልኩ? «እኔ እኮ አትክልት ልተክልበት ነበር።»

ከየት የመጣ አትክልት? ዕድሜ ልኬን አንዲት አበባ ውሃ አጠጥቼ አላውቅም። ሚስቴ ሹካዋን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝ።

«እሺ» አለች። «ዝናቡ እስኪወጣ ጊዜ አለህ። ለአንድ ቀን እራት የሚሆን ነገር ካበቀልክ ጓሮው ያንተ ነው። ካልሆነ እናቴ ትመጣለች።»

ፈገግ ያለች መሰለኝ። ምን ያስቃታል?

ግንቦት 13

ቆፈርኩ። ወይም ዶማው እኔን ቆፈረኝ። መዳፌ ውሃ ቋጥሯል፣ ወገቤ የኔ አይመስለኝም። የቲማቲም፣ የቃሪያና የጥቅል ጎመን ዘር ገዛሁ። ጎረቤታችን ሾፌሩ በአጥር አሻግሮ ሲያየኝ ቆየና ምን ልትተክል ነው አለኝ። ነገርኩት። «አሁን?» አለ። አሁን ነዋ! ዝናብ እየመጣ አይደል? እኔ ያደግኩበት ደጋ ሰው ሁሉ ዘሩን ይዞ የሚጠብቀው ይሄንኑ ነው። ትከሻውን ሰብቆ ገባ።

ቅናት ነው።

ሰኔ 4

በቀለ። የምሬን ነው፣ በቅሏል። ሚስቴን እጇን ጎትቼ አወጣኋት። ጎንበስ ብላ አየችና «አረም አለመሆኑን በምን አወቅህ?» አለች። በመስመር የሚበቅል አረም የት አለ?

ሰኔ 20

ዶፍ ነው የሚወርደው። ሲያባራ ደግሞ ምድር እንዳለች ትተናለች። የቲማቲሙ ቅጠል ላይ ነጭ ዱቄት ነገር ተነስንሷል። የጎመኑ ጠርዝ ቢጫ ሆኗል። ማንን ልጠይቅ? ሾፌሩን ኩራቴ አይፈቅድም። ሚስቴ የውርርዱ ዳኛ ናት፣ ዳኛ አይጠየቅም። ሌላ የማውቀው አትክልተኛ ማን አለ? ዕድሜዋን ሁሉ ጎመን ስታሳድግ የኖረች አንዲት ሴት…

አማቴ።

ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ተደብቄ ደወልኩ። እርሳቸው እንዳይመጡ የተተከለ ጎመን እንዳይሞትብኝ እርሳቸውኑ ምክር መጠየቅ… ከዚህ የባሰ ዓይን አውጣ ይገኛል? እርሳቸው ግን ደስታቸው ወሰን አጣ። ቅጠሉን አንድ በአንድ አስነገሩኝ። ብርድ መትቶት ነው፣ ሥሩን በደረቅ ሣር ሸፍነው፣ ማታ ማታ ውሃ አትንፈገው አሉ።

ብርድ? እዚህ? ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲተክል የኖረን ሰው ማን ይከራከራል? ሸፈንኩ። አመሻሽ ላይ በካፊያ ውስጥ፣ በአንድ እጄ ጃንጥላ በአንድ እጄ ማጠጫ ይዤ ውሃ ሳጠጣ ሾፌሩ አየኝ። ሰላምታ ብቻ ሰጥቶኝ አለፈ። የሚለው ነገር ጠፍቶት ይሆናል።

ሐምሌ 5

አማቴን «እማማ» ማለት ጀምሬያለሁ፣ በየቀኑ መደዋወል ሆኗል ሥራችን። የሠፈሩ ቀንድ አውጣ በሙሉ ሣሩ ሥር ገብቶ ቲማቲሜን ይቀረጥፋል። ስነግራቸው ሳቁብኝ። «ማረፊያ ሠርተህለት እንግዳ ለምን አይመጣ?» አሉ።

«ማረፊያ» የሚለው ቃል ወጋ አደረገኝ። ከዚያ ስለ ቃሪያው ጠየቁኝ።

ሐምሌ 16

ውርደት። የክረምት ትምህርት ላይ ቆሜ እንዲህ እያልኩ አስተምራለሁ፦ በሞቃትና እርጥበታማ ቀጠና ዝናቡ ለብዙ አትክልት ጠላት ነው፣ ሥሩን ያፍነዋል፣ ሻጋታ ያበዛበታል፣ ስለዚህ ተከላው የሚጀመረው ዝናቡ ሲወጣ… አፌ ተከፍቶ ቀረ። ስንት ዓመት ሙሉ ይሄን ዓረፍተ ነገር ሳነበንብ ኖሬያለሁ! ፈተና ላይም አውጥቼው አውቃለሁ። ያልመለሰውን ተማሪ ጥያለሁ።

ሾፌሩ «አሁን?» ያለው ለካ…

ለእማማ ደውዬ ነገርኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ። በዝናብ ላይ ውሃ ጨምረን፣ በሙቀት ላይ ብርድ ልብስ ደርበን ሁለታችን ነን የገደልነው አሉ። እኔም ሳቅኩ። ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ የነበረው የሒሳብ መምህር ከማን ጋር ነው እንዲህ የምትሳሳቀው ብሎ ጠረጠረኝ። ከአማቴ ጋር ብለው ማን ያምነኛል?

ሐምሌ 29

ጎመኑ በሰበሰ። ሽታው ቤት ድረስ ይገባል። ቲማቲሙን ቀንድ አውጣ ጨረሰው። አንዲት ቃሪያ ቀርታለች፣ እሷም ለወጉ ነው የቆመችው።

የሚጠየቅ ነገር የለም። ግን ደወልኩ። ምን ብዬ? ስለ ዳመናው አወራን። ከየት በኩል ነው የመጣው፣ ምን ያህል ጠቁሯል ይሉኛል። አስረዳቸዋለሁ። እዚያስ እንዴት ነው ስላቸው ድምፁን ብቻ ነው የሚነግሩኝ። ጣሪያው ላይ ሲወርድ በረድ ይሁን ውሃ በድምፁ ይለዩታል።

ነሐሴ 9

ዛሬ እርሳቸው ናቸው የደወሉት።

«አንድ ጉድ ሠራሁልህ» አሉ፣ ሳቅ እያፈናቸው። ጠዋት አረም ሲያርሙ ውለዋል። ጎረቤታቸው መጥታ ብታይ ችግኙን ከሥሩ ነቅለው፣ አረሙን ኮትኩተው፣ ውሃ አጠጥተው ገብተዋል። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ ዓይናቸው ትዝ አለኝና ሳቄ ቆመ። ሰኔ ላይ የቃሪያን ቅጠል ከቲማቲም እንዴት እንደምለይ ያስተማሩኝ ሴትዮ ናቸው እኮ።

«ለልጄ እንዳትነግራት» አሉኝ።

እሺ አልኩ። እርሳቸው ግን አልጨረሱም።

«ጓሮህንም ለእኔ ብለህ እንዳትተው። ለምን እንደተከልከው መጀመሪያ የደወልክ ዕለት ነው የገባኝ። አልተቀየምኩህም፣ ልጄ። ሰው የራሱ የሆነች ቦታ ያስፈልገዋል።»

ምን ብዬ እንደዘጋሁት አላስታውስም። እያወቁ! ክረምቱን ሙሉ፣ እያወቁ፣ የሚያስቀራቸው ጎመን እንዲያድግ ከልባቸው ሲለፉ… አፈርኩ። በሕይወቴ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ነሐሴ 10

ጠዋት ሁሉንም ነቀልኩ። ቃሪያዋንም። ሚስቴ ወጥታ ዝናቡ ገና አልወጣም እኮ፣ ጊዜ አለህ አለችኝ። ግንበኛ ጥሪ አልኳት። ምን ነካህ? ምንም፣ እማማ ናፈቁኝ።

መጥታ ግንባሬን ዳሰሰችኝ። ትኩሳት መስሏት።

መስከረም 22

ክፍሉ ቆሟል፣ ግድግዳው ግን በዚህ እርጥበት አልደርቅ ብሎ እንደ እኔ ላብ ያልበዋል። ግንበኛው ዝናቡ ይውጣ እንጂ ይደርቃል ይላል። ድርቅ ያሉትስ እማማ ናቸው። ማን እመጣለሁ አለህ ይሉኛል። ሚስቴ ለመነቻቸው፣ እምቢ። እኔ ለመንኩ፣ እምቢ። ውሃ አጠጥተው የገቡትን አረም ላነሳባቸው አሰብኩና ተውኩት። ብቻ በየቀኑ ደወልኩ። መነዝነዝ እንደሆነ የመምህርነት ሙያ ነው።

ጥቅምት 13

መጡ! ሳምንት አይቼ እመለሳለሁ ብለው፣ በአንዲት ሻንጣ።

ከመኪናው ሲወርዱ ክንዳቸውን ይዤ አስገባኋቸው። የመጀመሪያ ቃላቸው «ሰው እዚህ እንዴት ይተነፍሳል?» ነበር።

ጥቅምት 19

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። በፎጣ ላባቸውን እየጠረጉ ነው የሚውሉት። ቀን ይተኛሉ፣ እህል አይበሉም። ሚስቴ ማራገቢያውን ከኛ ክፍል ነቅላ ወስዳላቸዋለች። እኛ እንቀቀላለን። ዛሬ ጠዋት ዝናቡ ከወጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነፋስ ነገር ሽው አለ። እማማ ግን አላመኑትም።

ጥቅምት 20

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሻንጣው አልጋው ላይ ተከፍቷል። ልብሳቸውን በእጃቸው እየዳሰሱ ያጥፋሉ። አየኋችሁ፣ ጠገብኳችሁ፣ ሙቀቱን ግን አልቻልኩትም፣ ነገ መኪና ፈልጉልኝ አሉ። ሚስቴ በሩ ጋ ቆማለች። ስታለቅስ ቆይታለች። ለምና ለምና ጨርሳለች።

እኔ ደግሞ… ግንቦት ላይ ቢሆን ሻንጣውን ራሴ ተሸክሜ ነበር የማወጣው። አሁን እንዲዘጋ እንኳ አልፈለግኩም። አንተ ሰው፣ የሆነ ነገር ተናገር እንጂ!

«የተከላው ወቅት ገና አሁን መግባቱ ነው» አልኩ። «እንዴት ጥለውኝ ይሄዳሉ?»

«ምን ተክለህ?»

«ገና ነኝ። ከክፍሉ ጎን የተረፈች መሬት አለች።»

«እኔ የዚህን አገር አፈር አላውቀውም። አንዴ ገድዬብሃለሁ።»

«እኔም አላውቀውም።»

ማጠፋቸውን ተዉ። ብቻዬን አልችልም አልኳቸው። የጎመኑን አልነበረም የምናገረው፣ እርሳቸውም አውቀዋል። ለምኜ አላውቅም፣ አለማመኔ እንኳ ቅጥ የለውም፣ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብዬ ነው የቆምኩት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ እጃቸውን ሻንጣው ውስጥ ከትተው በዳሰሳ አንድ አሮጌ ቀሚስ ጎትተው አወጡ።

«ይሄ ለአፈር ይሆናል» አሉ።

ሚስቴ ሻንጣውን ዘግታ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀለችው። እኔ መኮትኮቻ ልዋስ ሾፌሩ ቤት ሄድኩ።